የሌለ እግር ሕመም፤ አንጎላችንና የሰውነታችን ካርታ

ወደ ዋናው ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት አንዲት ቀላል ሙከራ አብረን እንሥራ። የመሐል ጣታችንን በአመልካች ጣታችን ላይ አሳልፈን ሁለቱን እናጠላልፍ። ከዚያም ዓይናችንን ጨፍነን፣ በሁለቱ ጣቶች ጫፎች መካከል አንዲት የሽንብራ ፍሬ ይዘን በጠረጴዛ ላይ ቀስ እያልን እናንከባልላት። ለብዙዎቻችን የሚሰማን አንድ ሳይሆን ሁለት ሽንብራ ነው። ይህን ዓይነቱን ክስተት የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ከዛሬ 2300 ዓመታት ገደማ በፊት ጠቅሶታል።

ሽንብራዋ አንድ መሆኗን እናውቃለን፤ ቆዳችንም ሆነ ነርቮቻችን ጤነኞች ናቸው። ታዲያ ሁለተኛዋ ሽንብራ ከየት መጣች? መልሱ የሚገኘው በጣቶቻችን ላይ ሳይሆን በአንጎላችን ውስጥ ነው። ጣቶቻችን በተለመደው አቀማመጣቸው ሳሉ የአመልካች ጣትን አንደኛውን ጎንና የመሐል ጣትን ተቃራኒ ጎን በአንድ ጊዜ ሊነካ የሚችል አንድ ትንሽ ፍሬ የለም፤ ሁለቱ ጎኖች አንድ ላይ ከተነኩ ሁለት ፍሬዎች መኖር አለባቸው። አንጎላችን ጣቶቹ ከተጠላለፉ በኋላም በዚሁ የቆየ ልማዱ ይፈርዳል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር «ተሰማኝ» የምንለው ሁሉ ከአካላችን በቀጥታ የተገኘ ዜና ብቻ አለመሆኑን ነው። አንጎላችን ከአካላችን የሚደርሰውን መረጃ ስለ ሰውነታችን ቀድሞ ከያዘው ሥዕል ጋር እያገናዘበ የሚሰጠው ፍርድ ጭምር ነው። ይህ ፍርድ በሽንብራ ላይ ሲሳሳት ያስገርመናል፤ አንዳንዴም ያስቀናል። ነገር ግን ሥዕሉና አካሉ ሳይገጣጠሙ የሚቀሩበት፣ ሰውን እንቅልፍ የሚነሣ ሌላ ሁኔታም አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እርሱን ነው።

እግሩ የለም፤ ሕመሙ ግን አለ

አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች በቀዶ ሕክምና ያጣ ሰው በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ቁስሉ ሽሯል፤ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል። አንድ ሌሊት ግን የእግሩ አውራ ጣት በልቶት ከእንቅልፉ ይነቃል። ሊያክከው እጁን ሲሰድ የሚያገኘው አንሶላውን ብቻ ነው። በሌላ ሌሊት ደግሞ የሌለው እግሩ ጣቶች ተጣጥፈው ሲቆለመሙ፣ ውስጥ እግሩ በእሳት እንደተነካ ሲያቃጥለው ይሰማዋል። ጣቶቹን ለመዘርጋት ቢታገልም አይዘረጉለትም።

ይህ ሰው አላበደም፤ አልቀጠፈምም። አንድ አካላቸውን በቀዶ ሕክምና ወይም በአደጋ ካጡ ሰዎች መካከል እጅግ የሚበዙት ያጡት አካል አሁንም ያለ ያህል ይሰማቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት በሌለው አካላቸው ላይ ሕመም እንደሚሰማቸው በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። በሳይንሱ ዓለም ይህ ክስተት «ፋንተም ሊምብ» በመባል ይታወቃል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ጥላ አካል» ብንለው ያስኬደናል።

ክስተቱ አዲስ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊ የጦር ሜዳ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ፣ ቁስለኞቹ አካላቸው ከተቆረጠ ከረጅም ጊዜ በኋላ እንኳ በሌለው አካል ሕመም እንደሚሰማቸው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1797 ቴነሪፍ በተባለችው ደሴት በተደረገ ውጊያ ቀኝ ክንዱን ያጣው የእንግሊዝ አድሚራል ኔልሰንም የሌለው እጁ እየተሰማው ይቸገር እንደነበር ይነገራል። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዊር ሚቸል ደግሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የቆሰሉ በርካታ ወታደሮችን ከመረመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1871 ለክስተቱ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ሰጠው።

በአንጎል ላይ የተነደፈ ካርታ

ሐኪሞች መጀመሪያ የጠረጠሩት የተቆረጠውን ነርቭ ነው። በእርግጥም የተቆረጠ ነርቭ ጫፍ እንደ ትንሽ እባጭ ሆኖ ያድግና የተዛባ መልእክት ወደ አንጎል ሊልክ ይችላል፤ ለሕመሙም የራሱ ድርሻ አለው። ሆኖም ይህን እባጭ በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ብዙ ጊዜ ዘላቂ ፈውስ አላስገኘም። ከዚህም በላይ፣ ያለ እጅ ወይም ያለ እግር ከተወለዱ ሰዎች መካከል እንኳ አንዳንዶቹ ጥላ አካል እንደሚሰማቸው ተረጋግጧል። እነዚህ ሰዎች የተቆረጠ ነርቭ የላቸውም። ስለዚህ ምርመራው ከነርቩ ጫፍ አልፎ ወደ አንጎል መዝለቅ ነበረበት።

ለዚህ መንገዱን ከጠረጉት አንዱ በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ይሠራ የነበረው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ ነው። ፔንፊልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም፣ የራስ ቅላቸውን በአካባቢ ማደንዘዣ ከፍቶ፣ ታካሚዎቹ ሳይተኙ አንጎላቸውን በደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነካ ነበር። አንጎል ራሱ የሕመም ተቀባይ ነርቮች ስለሌሉት ይህ አያማቸውም። በአንጎሉ የላይኛው ቅርፊት ላይ አንድ ነጥብ ሲነካ ታካሚው «አውራ ጣቴ ተነካ» ይላል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ሲነካ ደግሞ «ከንፈሬ ተነካ» ይላል። ጣቱንም ሆነ ከንፈሩን ግን ማንም አልነካውም።

ፔንፊልድና የሥራ ባልደረባው ኤድዊን ቦልድሪ ይህን ሁሉ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተሙት ጽሑፍ መላ ሰውነታችን በአንጎላችን ቅርፊት ላይ እንደ ካርታ ተዘርግቶ እንደሚገኝ አሳዩ። የዚህ ካርታ ሚዛን ከአካላችን መጠን ጋር አይሄድም። ከንፈርና የእጅ ጣቶች ሰፊ ቦታ ሲይዙ ጀርባችን ጠባብ ቦታ ብቻ ይደርሰዋል። ምክንያቱም ካርታው የሚለካው በቆዳ ስፋት ሳይሆን ከየአካሉ በሚመጣው የስሜት ዝርዝር ብዛት ነው። አቀማመጡም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ለምሳሌ የእጅ ቦታ ከፊት ቦታ ጋር ይዋሰናል።

ከዚህ በመነሣት ጥያቄያችንን እንደገና መጠየቅ እንችላለን። የሐኪም ቢላዋ እግርን ሲቆርጥ፣ በአንጎል ካርታ ላይ ያለው የእግር ቦታ ምን ይሆናል?

ሳይንስ ራሱን ሲያርም

ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ «ጎረቤት ይወርሰዋል» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት፣ የክንዳቸው ነርቭ ከተቆረጠ ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው ጦጣዎች ፊታቸው ሲነካ በአንጎላቸው የክንድ ቦታ ላይ ምላሽ መታየቱን አመለከተ። ጥቂት ቆይቶም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲየጎ የሚሠራው የሕንድ ተወላጅ ተመራማሪ ቪ. ኤስ. ራማቻንድራን፣ እጃቸውን ያጡ አንዳንድ ሰዎች ጉንጫቸው በጥጥ ሲነካ የሌለው እጃቸው የተነካ ያህል እንደሚሰማቸው ገለጸ። የፊት ቦታ ባዶ የቀረውን የእጅ ቦታ ወረረ፤ ሕመሙም ከዚሁ ወረራ የመጣ ነው የሚለው አስተሳሰብ በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ሰፈረ።

ይሁን እንጂ ሳይንስ የደረሰበትን መልስ ደጋግሞ የሚፈትን ሙያ ነው። ተመራማሪዋ ታማር ማኪንና ባልደረቦቿ እጃቸውን ያጡ ሰዎች የሌለውን እጃቸውን «እንዲያንቀሳቅሱ» እየጠየቁ አንጎላቸውን በኤም አር አይ መሣሪያ ሲያዩ፣ የእጁ ቦታ አሁንም ሥራውን ሲሠራ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ጥናት ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ክንዳቸው በሕክምና ምክንያት እንዲቆረጥ የተወሰነላቸው ሦስት ሰዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም፣ አንደኛው እስከ 5 ዓመት ድረስ፣ ተመረመሩ። ከመቆረጡ በፊት የነበረው የእጅ ካርታና ከመቆረጡ በኋላ የታየው ካርታ በእጅጉ ተመሳሳይ ነበሩ።

የሦስት ሰዎች ጥናት ብቻውን ክርክሩን ሁሉ ይዘጋል አንልም፤ ነገር ግን ትርጉሙ ከባድ ነው። እጁ ከሄደ በኋላም አንጎል እጁን አልረሳውም። ቤቱ በጎረቤት አልተወረሰም፤ ባለቤቱ የሄደበት፣ መብራቱ ግን ያልጠፋ ቤት ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው።

ዓይን የሚሰጠው ምስክርነት

አንጎል አንድን አካል ሲያንቀሳቅስ ትእዛዝ ብቻ ሰጥቶ አይተውም። ትእዛዙ መፈጸሙን ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከዓይን በሚመጣ ምላሽ ያረጋግጣል። ሰውየው የሌለውን ጣቱን «ተዘርጋ» ብሎ ሲያዝ ግን የሚመለስ ምላሽ የለም። አንዳንድ ተመራማሪዎች የሕመሙ አንዱ ምንጭ ይህ የትእዛዝና የምላሽ አለመገናኘት ሊሆን ይችላል ብለው ያስባሉ፤ ራማቻንድራንም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያቀረበው መላ ከዚሁ ሐሳብ የተነሣ ነው። መላውም አንድ ተራ መስታወት ነው። መስታወቱ በሁለቱ እጆች ወይም እግሮች መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፊቱ ወደ ጤነኛው አካል ይዞራል፤ የተቆረጠው ወገን ከመስታወቱ ጀርባ ይሸሸጋል። ታካሚው በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው የጤነኛው አካል ምስል በጠፋው አካል ቦታ ላይ ያለ ይመስለዋል። ጤነኛ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ሁለቱም እግሮቹ ሲንቀሳቀሱ ያያል። አንጎል ለዘመናት ሲጠብቀው የነበረውን ምላሽ በዓይን በኩል ያገኛል ማለት ነው።

ዓይን በዚህ ረገድ ያለው ሥልጣን በጤነኞችም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ሙከራ የተሳታፊዎቹ እጅ ተሸሽጎ በምትኩ ከፊታቸው የጎማ እጅ ተቀመጠ፤ ሁለቱም እጆች በአንድ ጊዜ በብሩሽ ተዳበሱ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ብዙዎቹ ተሳታፊዎች የጎማው እጅ የራሳቸው እጅ መስሎ ተሰማቸው።

መስታወቱ በሕክምና ምን ያህል ይረዳል? እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት ውጤት ታተመ። እግራቸውን ያጡ 18 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለ4 ሳምንታት በየቀኑ 15 ደቂቃ ልምምድ አደረጉ። አንደኛው ቡድን በመስታወት፣ ሁለተኛው በተሸፈነ መስታወት፣ ሦስተኛው በሐሳብ ብቻ ይለማመድ ነበር። በመስታወት የተለማመዱት ሁሉ ሕመማቸው መቀነሱን ሲናገሩ፣ ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ግን ሕመማቸው የቀነሰላቸው ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ባሰባቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት ግን የተቀላቀለ ነው። ለአንዳንዱ በእጅጉ ይረዳል፤ ለሌላው ጥቂት ብቻ፤ ለአንዳንዱም ምንም። ሁለቱንም እግሮቹን ላጣ ሰው ደግሞ መስታወቱ የሚያሳየው ጤነኛ እግር የለም።

ለእኛ የሚፈይደው

ይህ ጉዳይ ከቤተ ሙከራ ወሬነት አልፎ በቅርብ የሚመለከተን ነው። በአገራችን በጦርነት፣ በመኪና አደጋ፣ በስኳር በሽታ ምክንያት፣ እንዲሁም ተሰብሮ ያለ አግባብ ጠብቆ በታሰረ አካል የተነሣ እጃቸውን ወይም እግራቸውን ያጡ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ሰው ሠራሽ እግር ማግኘት ትልቅ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን በሌሊት የሚነሣውን የሌለ እግር ሕመም ከታካሚው በቀር የሚያየው የለም። በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ታካሚው «አእምሮው ተነካ» እንዳይባል ይሰጋል፤ ቤተሰቡም ሰምቶ «እግርህ እኮ የለም፣ ምንህን ነው የሚያምህ?» ይለው ይሆናል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሰው ሕመም የሚሰማው በአንጎሉ ነው፤ በአንጎሉ ውስጥ ደግሞ እግሩ አሁንም አለ። ስለዚህ ሕመሙ እንደማንኛውም ሕመም እውነተኛ ነው። ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ልብ እንድንል እንወዳለን።

አንደኛ፣ አካሉ ሊቆረጥ የተወሰነለት ሰው ይህ ስሜት ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ቢነገረው፣ ስሜቱ በመጣ ጊዜ በራሱ አእምሮ ላይ አይጠራጠርም። የሚነግረውም ሐኪሙ፣ ነርሷ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ሕመሙን ለባለሙያ መናገር ያስፈልጋል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። በቀሪው አካል ላይ ያለ ቁስለት፣ የነርቭ እባጭ ወይም በልኩ ያልተሠራ ሰው ሠራሽ እግርም ሕመሙን ሊያባብስ ስለሚችል መመርመሩ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የመስታወት ልምምድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እግር ከነተረከዙ የሚታይበት አንድ መስታወት፣ ጸጥ ያለ ቦታና በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ትዕግሥት ይበቃሉ። ልምምዱ ለሳምንታት ሳይቋረጥ መደረግ አለበት፤ ቢቻል ጅማሬው በባለሙያ ምክር ቢሆን ይመረጣል። የሌለውን እግር በመስታወት ማየት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኀዘን ወይም ማዞር ሊያስከትል ስለሚችል፣ ስሜቱ ሲበረታ ማቆምና ሐኪም ማማከር ይገባል።

በሽንብራ የጀመርነውን በሽንብራ እንጨርስ። ጣቶቻችንን አጠላልፈን ሁለት ፍሬ ሲሰማን አንጎላችን ተሳሳተ ብለን ስቀን ልናልፍ እንችላለን፤ ምክንያቱም ዓይናችንን ስንገልጥ ፍሬዋ አንድ ትሆናለች። እግሩን ያጣው ወገናችን ግን ዓይኑን ቢገልጥም የሌለው እግሩ ማመሙን አይተውም። እኛ ልናደርግለት የምንችለው የመጀመሪያው ነገር ቀላል ነው፤ «አመመኝ» ሲል ማመን።