የታደሰ ሞተር ውሃ ሲጎድልበት

በዚህ ዕትም በመማሪያ ክፍል ሳይሆን በእጃችን ስለ ተማርነው አንድ ነገር ለጓደኞቻችን ልናካፍል እንወዳለን። የአንድ የክፍል ጓደኛችን አባት በሚኒባስ ሥራ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። የሚኒባሱ ባለ ቱርቦ የናፍታ ሞተር ደክሞ ስለ ነበር እኛ አራት ተማሪዎች በዕረፍታችን ጊዜ አውርደን፣ ፒስተኑንና ብሮንዚኑን ለውጠን፣ ቴስታታውንም ቶርኖ ቤት አስልገን መልሰን ገጠምነው። ሞተሩ እንደ ተሞከረ ተነሣ፤ እኛም ተጨባበጥን። በሦስተኛው ቀን ግን አባትየው «ልጆች፣ ውሃ ይጎድላል» አሉን። በየማታው አንድ ብርጭቆ ያህል ይጠፋል፤ ከመኪናው ሥር ግን አንድ ጠብታ እንኳ አይታይም።

ከመካከላችን አንዱ ቴስታታው ዳግመኛ ይውረድ አለ። ሌላው ደግሞ ከገበያ የቀዳዳ መድፈኛ ገዝተን ራዲያተሩ ውስጥ እንጨምርና መኪናውን እናስረክብ አለ። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ አጥብቀን ተቃወምን። መድፈኛው ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎችም ሊዘጋ ይችላል። ደግሞም ሰውየው ቅዳሜ መንገደኛ ጭነው ወደ አዋሽ ሊወርዱ ተዋውለዋል።

ነገሩ ለምን እንዳስፈራን ለመረዳት ጥቂት ፊዚክስ ያስፈልጋል። ንጹሕ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር ግፊት ሲይዝ ግን እዚሁ አዲስ አበባ መፍያው ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል። ስለዚህ ትንሽ ቀዳዳ የምትጎዳው በምታፈሰው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ግፊቱን ስትለቅ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ቴስታታውም ይጣመማል።

በአዲስ መልክ በተገጠመ ሞተር ውስጥ አየር ታፍኖ ይቀራል፤ አየሩ ሲወጣ የውሃው ልክ ዝቅ ይላል። ይህ ግን በጥቂት ቀን ይቆማል፤ የእኛ አልቆመም። ዘይቱን አየን፤ እንደ ወተት አልነጣም። ጢሱንም ተመለከትን። በማለዳ ብርድ ማንኛውም ሞተር እንፋሎት ይተፋልና በዚያ አይፈረድም፤ የሚያሳስበው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀጥል ነጭ ጢስ ነው፤ እሱም አልነበረም። ቱርቦ ያለው ሞተር ጓርኒሲዮኑን ይበልጥ የሚፈትነው ሸክም ሲበዛበት ነውና መኪናውን የእንጦጦን ዳገት አስወጣነው። ከዚያም የቃጠሎ ጋዝ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ በሚለወጠው ፈሳሽ የራዲያተሩን አየር መረመርን። ፈሳሹ ሰማያዊ እንደ ሆነ ቀረ። ቴስታታው ይውረድ ያለው ጓደኛችን በዚህ ጊዜ ዝም አለ።

በማግሥቱ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት መለኪያ ያለው የእጅ ፖምፓ በራዲያተሩ አፍ ላይ አሥረን እስከ 0.9 ባር ነፋን። በ20 ደቂቃ ወደ 0.7 ወረደ። እንግዲህ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ማኒኮቶዎቹንና ፋሼታዎቹን፣ ከውሃ ፖምፓው ሥር ያለችውንም ትንሽ ቀዳዳ በጨርቅ ዳሰስን፤ ደረቅ ናቸው። ካንዴሌታዎቹን ፈትተን ሞተሩን አዞርን፤ ከአንዱም ሲሊንደር ውሃ አልተረጨም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቷል ብሎ የጠረጠረ ሰው ይህን ሳያደርግ ሞተሩን ከቶ አያስነሣ፤ ውሃ አይታመቅምና ቢዬላውን ያጣምመዋል።

በጣም የምናፍርበት ነገር ቱርቦውም ውሃ የሚጠጣ መሆኑን መርሳታችን ነው። ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ ስለ ሆነ በብዙ ሞተሮች ላይ መካከለኛው አካሉ ከዘይት ሌላ በውሃም ይቀዘቅዛል። ሁለቱን የውሃ ቧንቧዎች ከቱርቦው ፈትተን ጫፋቸውን ደፈንንና እንደ ገና ነፋን። መርፌው 20 ደቂቃ ሙሉ ከ0.9 አልተነቃነቀም! ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ የተሰነጠቀው አካሉ ነው ወይስ የሚያፈሰው መጋጠሚያው ነው የሚል ብቻ ነበር። የሙቀት መከላከያውን ቆርቆሮ ስናነሣ በአንደኛው ብሎን ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ አየን። ውሃው እየተንጠባጠበ በጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ወዲያው ይተናል፤ መሬት የሚደርስ ጠብታ ያልነበረውም ስለዚህ ነው።

ጥፋቱ የራሳችን ነበር። የመዳብ ሮንዴላ አንድ ጊዜ ሲጨመቅ ይጠነክራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ከብረቱ ጋር አይስማማም። ወይ በአዲስ ይለወጣል፣ ወይ በእሳት እስኪቀላ ግሎ ይለሰልሳል። እኛ ግን አሮጌዎቹን ጠርገን መልሰን ገጥመናቸው ኖሯል። አራቱንም በአዲስ ለወጥን፣ እንደ ገናም ነፋን፤ መርፌው ጸና።

አባትየው ቅዳሜ ጠዋት ውሃውን ራሳቸው አይተው ተነሡ፤ ሰኞም ሲመለሱ ልኩ እዚያው ነበር። ዕቃው ስንት እንዳስወጣን ሲጠይቁን ግን የአራት ሮንዴላ ዋጋ ለመናገር አፍረን እርስ በርሳችን ተያየን።