ተተኪ ሁኚ ብለው ሲጠሩሽ

እታለም፣ እንደገና የጤና ባለሙያዎች ሥራ ማቆም ቢመጣና «ነይ፣ በእነሱ ቦታ ግቢ» ብለው ቢደውሉልሽ ምን እንደምትመልሺ ጠይቀሽኛል። ግማሹ ሰው «እንጀራሽ ነው፣ ሂጂ» ይልሻል፤ ግማሹ ደግሞ «ከሃዲ እንዳትባዪ» ይልሻል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። የመውጫ ፈተናውን አልፈሽ፣ የአዋላጅነት የሙያ ፈቃድሽን አውጥተሽ፣ መካነ ሰላም ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነቢ የከረምሽ ልጅ ነሽ። ደመወዝ የሚቆጥር ሰው ተነስቶ ሥራ ባጣ ሰው ላይ ሊፈርድ አይገባውም፤ እኔም ብትሄጂ አልፈርድብሽም። ግን አውቀሽ ሂጂ፣ አውቀሽም ቅሪ።

የ2017ን ግንቦት ታስታውሻለሽ። የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ፣ ስለ ተጋላጭነት ክፍያ፣ ስለ ዱቲ፣ ስለ ቤት ጠይቀው፣ ያስቀመጡት ቀን ሲያልፍ በብዙ ቦታ ሥራ አቆሙ። በርካቶች ታሰሩ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም እስሩን ተቃወመ። ያልተመለሰ በሌላ ይተካል የሚል ማስጠንቀቂያም ይሰማ ነበር። ያ «ሌላ» የተባለው ማን መሰለሽ? አንቺና የክፍል ጓደኞችሽ ናችሁ። የማስፈራሪያው ጉልበት የእናንተ ቤት መቀመጥ ነው። ደግሞ ሥራ ያጣሽው አዋላጅ ተርፎ አይደለም። አንዷ ሌትና ቀን እየተቃጠለች አንቺ ቤት የተቀመጥሽው መደብና በጀት ስለጠፋ ነው። ተተኪ ሆነሽ ስትገቢ የምትቀበዪው የወጣችዋን ደመወዝ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት እጆች በአንድ እንኳ አይጨምሩም። ወላዷም ያገኘችው ትርፍ የለም፤ ያውም ልምድ ያላትን ሰጥታ ጀማሪ ተቀበለች።

ሕጉንም እወቂው፣ ማንም እንዳያደናግርሽ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሥራ የማቆም መብትን ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሆስፒታልና ክሊኒክን ከአየር ትራንስፖርት፣ ከመብራት፣ ከውሃና ከእሳት አደጋ ጋር ሥራ ከማይቆምባቸው አገልግሎቶች ይደምራል። የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ ደግሞ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው እንጂ በዚህ አዋጅ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅትም ቢሆን በሆስፒታል ሥራ ማቆም ሊገደብ ይችላል ይላል፤ ነገር ግን መብቱ ከተገደበ በምትኩ ሠራተኛው የሚያምነው፣ ገለልተኛና ፈጣን የግልግል ዳኝነት ሊሰጠው ይገባል ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው። ሰውን «ሥራ አታቁም» ካልሽው «ና፣ ጉዳይህ እዚህ ይታያል» የምትዪበት በር ሊኖርሽ ይገባል። በሩ ሳይከፈት ተተኪ መጥራት ጥያቄውን መቅበር ነው።

ተተኪ የመጥራት ነገር በሆስፒታል አልተጀመረም። በነሐሴ 2010 የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ሲያቆሙ ጡረታ የወጡት ተጠርተው ገቡ። የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ መብረር ያሰጋል ብሎ ጮኸ፣ አየር መንገዱ አስተባበለ፣ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎችም ታሰሩ። የደመወዙን ክርክር ለጊዜው ተዪውና አንዲቷን ነገር ያዢ፦ የተቆጣጣሪ ብቃት የሚረጋገጠው ለሚሠራበት ጣቢያና የአየር ክልል ነው፤ ሌላ ቦታ ጎበዝ የነበረ ሁሉ መጥቶ እዚህ ቁጭ አይልም።

አንቺም ራስሽን እንዲሁ ጠይቂ። ሌሊት ነው። ከወግዲ ቆላ በቃሬዛ ወጥታ የመጣች ሴት ወልዳለች፣ ደሙ አልቆመም። ኦክሲቶሲኑን ሰጥተሻል፣ ማሕፀኗን እያሸሽ ነው፣ እንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ይውጣ አይውጣ እርግጠኛ አይደለሽም። ማንን ትጠሪያለሽ? ሲኒየሯ ቤቷ ናት፣ ሐኪሙም የለም። ወደ ደሴ ሪፈር ብትዪ በአቀስታ በኩል ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ ደግሞም አምቡላንስ ላይገኝ፣ መንገዱም ሊዘጋ ይችላል። በልምምድ ጊዜ ያየሽው ሁሉ ከጎንሽ የቆመ ሰው እያለ ነው። ብቻዬን አልችልም ማለት ለሙያሽ ታማኝ መሆን ነው፤ ማንም ፈሪ ብሎ እንዳይገፋሽ። ሴትዮዋ ብትሞት መዝገቧ ላይ የሚሰፍረው ስም የጠራሽ ኃላፊ ስም አይደለም።

አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገርሽ። አሜሪካኖች በጣም የሚወዱት ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አላቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 የትልቁ ሊግ ዳኞች በክፍያ ጉዳይ ሥራ አቆሙ፤ ሊጉ ከታችኛው ሊግና ከአማተር ዳኞች ሰብስቦ ውድድሩን ቀጠለ። በግንቦት ወር ስምምነት ተደርጎ ነባሮቹ ሲመለሱ ከተተኪዎቹ ስምንቱ ቋሚ ሆነው ቀሩ። ዴቭ ፓሎን የሚባለው አንዱ ነበር። ነባሮቹ ለዓመታት ፊት ነሷቸው፤ አብረው አንድ ሜዳ ላይ ቆመው እንደ ባዳ ነበር የሚያዩአቸው። ያ የዳኞች ቂም ነው፤ ቢበዛ አንድ ኳስ ይሳሳታል። በማዋለጃ ክፍል ግን ቂም የተረኞች ርክክብ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ተረኛዋ «የአራት ቁጥሯ ግፊት ሌሊት ከፍ ብሎ ነበር» ሳትልሽ ብትወጣ፣ የምትጎዳው አንቺ አይደለሽም፣ አራት ቁጥር ላይ የተኛችው ናት። ወንበሩን ይሰጡሻል፤ በጭንቅ ሌሊት ሮጣ የምትመጣልሽን ባልደረባ ግን ማንም በደብዳቤ አይመድብልሽም።

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ስሚ። የሰው ነፍስ ለማትረፍ መግባትና የሰው መደብ መውሰድ አንድ አይደሉም። ሲደውሉልሽ መጀመሪያ «ድንገተኛና ማዋለጃ ክፍሉ ተረኛ አለው?» ብለሽ ጠይቂ። ሥራ ያቆሙት ለእነዚህ ክፍሎች ሰው ትተው ከሆነ (የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም ሐኪም ሥራ ሲያቆም ድንገተኛው አይቋረጥ ነው የሚለው)፣ አንቺን የፈለጉሽ ተመላላሹ ክፍል ሞልቶ እንዲታይና ጥያቄው እንዲረሳ ነው። ያኔ አትሂጂ። ተረኛ ከሌለ ግን ሂጂ። ማዋለጃ ክፍልን ባዶ ጥሎ የወጣ ካለ፣ ጥያቄው እውነት ቢሆንም በዚህ ጉዳይ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ምጥ ስምምነት እስኪፈረም አይጠብቅም።

ስትሄጂ ግን ተደብቀሽ አትሂጂ። ሥራ ካቆሙት አዋላጆች አንዷን አግኝተሽ «ለወላዶቹ ነው የምገባው፣ ስትመለሱ እወጣለሁ» በያት። ኃላፊውም ጊዜያዊ መሆኑን፣ ለድንገተኛና ለማዋለጃ ብቻ መሆኑን፣ የሚጠራ ሲኒየር ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስጥሽ። በጽሑፍ አልሰጥም ካለ መልሱን አግኝተሻል። የተባረረችን ሴት መደብ በቋሚነት ቢሰጡሽ ደግሞ እምቢ በዪ፣ የቱንም ያህል ቢያምርሽ። እሷን ያለ ዳኝነት ያስወጣ እጅ አንቺን ለማስወጣት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም፤ በሚመጣው ዓመትም ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ አሉ።

እምቢ ብለሽ ቤት መቀመጥ ቀላል ነው አልልሽም። ከእኔ ደመወዝ የምንካፈለው እስካለ ድረስ ለእንጀራ ብለሽ አትግቢ። ለነባሮቹም እነግራቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄያቸውን ሲጽፉ ሥራ ያጡ ተመራቂዎች ይቀጠሩ የሚለውን ከደመወዙ እኩል ያስገቡት፤ እናንተን ረስተው ሲያበቁ አትተኩን ማለት አይችሉም። አባባ ደግሞ «የተሰጠሽን ሥራ ረገጥሽ» ብለው ይቆጣሉ፣ አውቃለሁ። እሱን ለእኔ ተዪው፤ እኔ ቁጭ ብዬ አስረዳቸዋለሁ።