ከካምፕ ሳንወጣ መንፈሳዊ ጉዞ እንሂድ

የሚነበብ፦ የሉቃስ ወንጌል 24፥13-35



ሰው በእግሩ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። ናይሮቢ ሩንዳ ሰፈር ያሉ ሰዎች አጠገባቸው ያለው ካሩራ ጫካ መግቢያ ከፍለው ይገቡና ለጤናቸው ይራመዳሉ። እኛ ለውኃና ለራሽን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት የሄድነውን መንገድ ደግሞ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን፤ እሱ ሽሽት ነበር። መንፈሳዊ ጉዞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ምዕመን ጸሎቱንና ንስሐውን ይዞ ወደ እግዚአብሔር ሲሄድ መንፈሳዊ ጉዞ ይባላል።

በአገራችን ታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ቁልቢ፣ ለገና ላሊበላ በእግር የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። የኬንያ ካቶሊኮች በናኩሩ በኩል ወዳለው ወደ ሱቡኪያ የእመቤታችን ቦታ ይሄዳሉ። ለጁን 3 ቀን ደግሞ ከኬንያ ተነስተው ብዙ ቀን እየተጓዙ ኡጋንዳ ናሙጎንጎ የሚደርሱ አሉ፤ በ1886 ብዙዎቹ የኡጋንዳ ሰማዕታት በእሳት የተቃጠሉበት ቦታ ነው። እኛ ግን ያለ ሙቭመንት ፓስ ከካምፕ መውጣት አንችልም። ታዲያ ይህ ጸጋ ለእኛ ተዘግቷል ማለት ነው? እስቲ ወንጌሉን እንይ።

1. የኤማሁስ መንገድ

ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከኢየሩሳሌም ወጥተው ይሄዱ ነበር። መንገዱ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ተስፋቸው ተቆርጧል፤ የሚወዱት ተሰቅሏል። ጌታ መጣና አብሯቸው ሄደ። መጀመሪያ ምን አደረገ? ጠየቃቸው። ሐዘናቸውን እስኪጨርሱ አዳመጣቸው። ከዚያ በኋላ ነው የገሠጻቸውና መጻሕፍትን የገለጠላቸው። እንጀራውን ሲቆርስ አወቁት።

አሁን ልብ በሉ። ቀኑ መሽቶ ነበር፤ እነሱ ግን በዚያች ሰዓት ተነስተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ድንጋዩም ያው ነው። የተለወጠው አቅጣጫቸው ነው። ሲሄዱ ከሐዘን እየሸሹ ነበር፤ ሲመለሱ ግን ወደ ወንድሞቻቸው፣ የምሥራች ይዘው ነው።

ስለዚህ ስደታችንን «መንፈሳዊ ጉዞ ነበር» ብለን አናሳምረው። የተፈጸመብን ክፉ ነገር ክፉ ነው። ልጁን በመንገድ የቀበረን ሰው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለን አፉን አናዘጋው። ጌታ ራሱ መጀመሪያ አዳመጠ እኮ! እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ መንገድ ጌታ አብሮን ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ወደ እሱ መሄድ እንችላለን።

2. ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል

በልጅነት የተማርነው ጸሎት ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ሲያድግ ጥያቄውም ያድጋል። «ትልቅ ሰው ነኝ፣ አሁን ምን እማራለሁ?» የምትል ካለህ የአባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ስማ።

እሳቸው በ1791 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ። አንድ ዓይናቸው አያይም ነበር። ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍት የመረመሩ መነኩሴ ናቸው። በ1841፣ በ50 ዓመታቸው፣ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት ጋር ወጡ። ሮምንም ኢየሩሳሌምንም አዩ። አብሯቸው የተጓዘው ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ ነበሩ። ከጉዞው በኋላ እንኳ አልቸኮሉም፤ ጠየቁ፣ ጸለዩ፣ በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ካህን የሆኑት በ1851፣ ወደ 60 ዓመት ሲጠጉ ነው።

ይህን የምጽፈው ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር ለመከራከር አይደለም። የመሳለምን ፍቅር ከእነሱ ጋር ተካፍለነዋል። የምለው እምነት በሽምግልናም ያድጋል ነው።

የመጨረሻ ጉዟቸው ግን በፈቃዳቸው አልነበረም። ስለ እምነታቸው ታስረው፣ በሰንሰለት ሆነው የንጉሡን ሠራዊት እንዲከተሉ ተደረገ። በ1855 በዚያው ጉዞ ላይ ሞቱ። ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ አለቻቸው። ኢየሩሳሌምን በነጻ እግራቸው የተሳለሙ ሰው፣ በታሰረ እግርም ወደ ክርስቶስ መሄዳቸውን አላቆሙም። ሰንሰለቱ የያዘው እግራቸውን ብቻ ነበር።

3. እኛስ ምን እናድርግ?

ለ2025 ኢዮቤልዩ ቤተ ክርስቲያን የሰጠችውን መመሪያ አስታውሱ። ታማሚ፣ እስረኛ፣ ከቤት መውጣት የማይችል ሁሉ ባለበት ሆኖ በጸሎት የጸጋው ተካፋይ እንዲሆን ፈቅዳለች። የታመመን፣ የታሰረን፣ ብቻውን የቀረን ሽማግሌ መጎብኘት ራሱ በእነሱ ውስጥ ወዳለው ክርስቶስ እንደመጓዝ ነው ብላለች። እንግዲህ ቅዱሱ ቦታ በየብሎካችን አለ ማለት ነው።

በዚህ ሳምንት እንዲህ እናድርግ፦

- ሦስት አራት ሆናችሁ፣ ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ተነሱ። በማታ አትሂዱ።
- ከመነሳታችሁ በፊት እያንዳንዱ የሚጸልይበትን ጉዳይ ይያዝ። ከባዱን ነገር ለጌታ ንገሩት፤ ቁጣም ቢሆን።
- ግማሹን መንገድ በዝምታ፣ ግማሹን መቁጠሪያ እየደገማችሁ ሂዱ።
- አንድ የታመመ ወይም ብቻውን የሚኖር ሰው ጎብኙ። ውኃ ቅዱለት፣ ጨዋታውን ስሙት። ምክር አታብዙ።
- መጨረሻችሁ ቤተ ክርስቲያን ይሁን። ካህን ሲኖር ንስሐ ግቡ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ።
- የተጣላችሁት ሰው ካለ በመመለሻችሁ በቤቱ በኩል እለፉ።

ለውይይት

1. በመንገዳችሁ ላይ ሳታውቁት ጌታ አብሯችሁ የነበረው የት ነው?
2. በልጅነት ያልነበረ፣ አሁን ግን ያላችሁ የእምነት ጥያቄ ምንድን ነው?
3. በብሎካችሁ ማንም የማይጎበኘው ማን ነው?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፣ ወደ ኤማሁስ ከሚሄዱት ጋር እንደሄድህ ከእኛም ጋር ሂድ። በሩ እስኪከፈትልን ስንጠብቅ ልባችን እንዳይቆም እርዳን። በመንገድ የቀሩብንን ሁሉ በእጅህ ያዝልን። እመቤታችን ማርያም ሆይ፣ ልጅሽን ይዘሽ ግብፅ የተሰደድሽ፣ ለምኝልን። አሜን።