«ጨረቃ ቤት» ከማለታችሁ በፊት

ይህ ማሳሰቢያ ስለ አዲስ አበባ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ለምትዘግቡ፣ የፕሮጀክት ሰነድ ለምታዘጋጁ፣ እንዲሁም ከኮንዶሚኒየም በረንዳ ቁልቁል እያያችሁ ለሰው ሰፈር ስም ለምታወጡ ነው።

ቆርቆሮው የዛገ፣ ምርጊቱ የረገፈ ቤት ሁሉ ጨረቃ ቤት አይደለም። ጨረቃ ቤት የሚባለው ያለ ፈቃድና ያለ ካርታ፣ ደንብ አስከባሪ ሳያይ በሌሊት የሚቆመው ነው። በብሎኬት የተሠራ፣ ሴራሚክ የለበሰም አለ። ስሙ የሚናገረው ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ ድህነቱ አይደለም።

የቀበሌ ቤትን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። ዋናው ስህተት እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ተከራዩ ውል አለው፤ ኪራይ የከፈለበት ደረሰኝም አለው። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ጥቂት ብር ሆኖ ስለቆየ ቀበሌው የሚያድስበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን ማፍሰስ አይደፍርም። ታዲያ ጣሪያው ቢያፈስ «ሰነፍ ሰፈር» የሚያሰኘው ምኑ ነው? ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ምትክ ቤት የሚጠየቀው በዚያው ውል ነው። ባለ ውሉን «ሕገወጥ ሰፋሪ» ብሎ መዘገብ ማስረጃውን በአደባባይ መካድ ነው።

ደባሉንም አትርሱ። በአንድ የቤት ቁጥር ውስጥ ስሙ ውሉ ላይ የሌለ፣ በጓዳ ወይም ወደ መኖሪያነት በተቀየረ ኩሽና የሚያድር ሌላ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። አንድ ቤት ፈረሰ ማለት አንድ ቤተሰብ ተነሣ ማለት አይደለም።

ከቅጽል ይልቅ የጎደለውን ጻፉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ዩኤን ሃቢታት እንኳ ሰፈርን የሚመዝነው በንጹሕ ውሃ፣ በመጸዳጃ፣ በቤቱ ስፋት፣ በግንባታው ጥንካሬና በይዞታ ዋስትና ነው። ከመመዘኛዎቹ መካከል ዱርዬነትም ሌብነትም የለም። ስለዚህ ጠይቁ፦ ሽንት ቤቱን ስንት አባወራ ይጋራዋል? ቦኖው በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ያገኛል? ዝናብ ሲጥል ፍሳሹ በየት ይወርዳል?

«ስለም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለለጋሾች ሪፖርት ተዉት።

ሰፈሩን ነዋሪው በሚጠራው ስም ጥሩት። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፤ ቢያስቃችሁም ጻፉት። (እነዚህን ስሞች ያወጣ ሰው የማስታወቂያ ባለሙያ ቢሆን ይከብር ነበር።) ሰፈሩ ፈርሶ ከሆነም «ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረው» በሉ፤ ተነሺው በእድሩም በቀጠሮውም አሁንም በዚያው ስም ነው የሚጠራው።

የአንዱን ሰፈር ፎቶ ለሌላው ዜና አታውሱ፤ በተለይ የሰው ቤት በር የሚታይበትን።