የግሥ መድረሻ

ልጆች ሆይ፥ ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። ዛሬ በላቲን አፉን የሚፈታ ሕፃን የለም፤ ነገር ግን የኢጣልያ፥ የፈረንሳይ፥ የእስፓንያና የፖርቱጋል ቋንቋዎች ከእርሱ ተወለዱ። ላቲን ለመማር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የግሥን መድረሻ ያጠናል። «ወደደ» የሚለውን ግሥ እንመልከት።

አሞ፤ እወድዳለሁ።
አማስ፤ ትወድዳለህ።
አማት፤ ይወድዳል።
አማሙስ፤ እንወድዳለን።
አማቲስ፤ ትወድዳላችሁ።
አማንት፤ ይወድዳሉ።

አስተውሉ፤ «እኔ» ወይም «አንተ» የሚል ቃል ለብቻው አልተጻፈም። ማን እንደሚወድድ የሚነግረን መድረሻው ነው። «ስ» አንተን፥ «ት» እርሱን፥ «ሙስ» እኛን፥ «ቲስ» እናንተን፥ «ንት» እነርሱን ያመለክታል። ስለ ራሱ የሚናገር ሰው ግን በ«ኦ» ይጨርሳል፤ ስለዚህ «ማ» ተለውጦ «ሞ» ሆነ።

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በደራ ከተማ የሚኖር ተማሪ ይህን አይቶ «ከባድ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን እርሱ በቤቱ በኦሮምኛ ሲነጋገር «ዴምታ» ቢል ትሄዳለህ፥ «ዴምና» ቢል እንሄዳለን፥ «ዴሙ» ቢል ይሄዳሉ ማለቱ ነው። በአማርኛም ወደድሁ፥ ወደድህ፥ ወደድሽ፥ ወደደ ይላል። እንግዲህ መድረሻን መለየት ከእናቱ የተማረው ነገር ነው።

በትምህርት ማነስ የለም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በሮም ተገናኙ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍም የግዕዝን ሰዋስው በ1661፥ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 በላቲን ጽፎ አሳተመ። ያን የመሰለ ሊቅ እንኳ በመምህሩ ፊት ተማሪ ነበረ።

አሁን ደግሞ ይህን ታሪክ ስሙ። አንድ ልጅ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ውኃ ሊቀዳ ወረደ። በመንገድ ሲጫወት ገንቦው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። እናቱም «ማን ሰበረው?» ብላ በጠየቀች ጊዜ ወደ ታናሹ እያመለከተ «እርሱ ሰበረ» አላት። ታናሹ ገና ቃል አያውቅምና ሳይመልስ ተገረፈ።

በማግሥቱ መምህሩ ያለፈውን ጊዜ ግሥ ያስተምሩ ነበር። በሰሌዳው ላይ «ፍሬጂት፤ ሰበረ» ብለው ጻፉና ልጁን አስነሥተው፥ «ይህን ስለ ራስህ እንደምትናገር አድርገህ ለውጠው» አሉት። ልጁ መልሱን ያውቅ ነበር፤ «ት»ን ቢያስቀር «ፍሬጂ» ይሆናል። ነገር ግን ፊቱ ቀላ፥ አንደበቱም ታሰረ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ «ፍሬጂ፤ ሰበርሁ» አለ። ጓደኞቹ ትምህርቱን የመለሰ መሰላቸው።

ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ በእናቱ ጕልበት ላይ ወደቀ። «እማዬ፥ ገንቦውን እኔ ሰበርሁ» አላት። እናቱም ታናሹን አቅፋ አለቀሰች፤ ታላቁንም «የገንቦው ነገር ቀላል ነበር፤ የወንድምህ እንባ ግን ከበደኝ» አለችው። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ አልጫነም።

ልጆች ሆይ፥ መድረሻ ትንሽ ፊደል ናት፤ ነገር ግን ሥራው የማን እንደ ሆነ የምትመሰክር እርስዋ ናት። በመጽሐፍ ብትሳሳቱ መምህር ያርማችኋል። በኑሮ ግን «ሰበርሁ» ማለት ሲገባችሁ «ሰበረ» ብትሉ ንጹሕ ሰው ይጐዳል።

ጥያቄ።
፩ «አማሙስ» ማለት ምን ማለት ነው?
፪ «ፍሬጂ» እና «ፍሬጂት» በምን ይለያያሉ?
፫ ልጁ በትምህርት ቤት መልሱን እያወቀ ለምን ዝም አለ?