በቅርጫት የወረደው ሐዋርያ

ምንባብ፦ ሐዋ. 9፥23–25፤ 21፥10–14፤ 2ቆሮ. 5፥14–15፤ 11፥30–33



በካምፓችን ጮክ ተብሎ የማይነገር፣ ማታ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «እኔ ሸሽቼ ወጣሁ፤ እነ እገሌ እዚያው ቀርተው ታሰሩ፣ ሞቱ። ታዲያ እኔ ምን ዓይነት አማኝ ነኝ?» ይህን ጥያቄ «አይዞህ፣ አይዞሽ» ብቻ ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ቃሉን ከፍተን እንየው።

ጳውሎስ ጌታን ካገኘ በኋላ በደማስቆ ይሰብክ ነበር። ጠላቶቹ ሊገድሉት ተማከሩ፤ የከተማውንም በር ሌት ተቀን ይጠብቁ ጀመር። ደቀ መዛሙርቱ ምን አደረጉ? በሌሊት በቅርጫት አድርገው በቅጥሩ ላይ አወረዱት። በቃ፣ አመለጠ። መልአክ አልወረደም፣ ሰንሰለትም አልተፈታም። ቅርጫት፣ ገመድና ገመዱን የያዙ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስማቸው እንኳ አልተጻፈልንም።

የሚገርመው ደግሞ ጳውሎስ ይህን ታሪክ አልደበቀም። ከዓመታት በኋላ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ግርፋቱንና እስራቱን ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ በድካሜ እመካለሁ ብሎ የቅርጫቱን ነገር ያነሣል። በዚያ ዘመን በሮማውያን ጦር የጠላትን ከተማ ቅጥር ቀድሞ ለወጣ ወታደር የወርቅ አክሊል ይሸለም ነበር። ጳውሎስ ግን ከቅጥር ላይ በሌሊት እንደ ዕቃ የወረደ ሰው ነው! ያንን አላፈረበትም።

ይኸው ሰው ሌላ ጊዜ አልሸሸም። አጋቦስ የሚባል ነቢይ በቂሣርያ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር አሰረና፣ ኢየሩሳሌም ብትሄድ እንዲህ ትታሰራለህ አለው። ወዳጆቹ እያለቀሱ ለመኑት። እሱ ግን ለመታሰር ብቻ ሳይሆን ለመሞትም ተዘጋጅቻለሁ ብሎ ሄደ። ታዲያ በደማስቆ ፈሪ፣ በቂሣርያ ደፋር ሆኖ ነው? አይደለም። ሁለቱም ጊዜ የጌታ ሥራ ነበር የያዘው። አንድ ጊዜ ለዚያ ሥራ መኖር አስፈለገው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መሄድ።

ከእኛው አገር ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስቡ። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደጋግመው ታስረዋል። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ካገለገሉበት ጉባኤ ሲወጡ ተያዙ፤ ተገደሉም። አፅማቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታስረው ብዙ ሥቃይ ተቀበሉ። (ስለ እሳቸው ጀግንነት የምናወራው ከሚገባው በታች ነው፤ አሥር ዓመት እኮ በየማለዳው እንደገና መጽናት ነው።)

ቄስ ጉዲና ላለመሄዳቸው ምክንያት አድርገው የጠቀሱት ክፍል 2ቆሮ. 5፥15ን ነው፤ በሕይወት ያሉት ከእንግዲህ ለራሳቸው ሳይሆን ለሞተላቸው ለክርስቶስ ሊኖሩ ይገባል የሚለውን። አሁን ልብ በሉ፦ የቅርጫቱ ታሪክ የተጻፈው በዚያው መልእክት ውስጥ ነው። አንዱ ደብዳቤ የቀረውንም የሸሸውንም ይዟል።

ስለዚህ በቄስ ጉዲና ታሪክ የሸሸውን ወንድማችንን አንምታው። በጳውሎስ ቅርጫትም ሁሉን ነገር አንሸፍን፤ ዴማስም እኮ ሄዷል፣ የሄደው ግን የአሁኑን ዓለም ወዶ ነው (2ጢሞ. 4፥10)። ጳውሎስ ከቅርጫቱ ከወጣ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ እንደገና መስበክ ጀመረ። እኛም ዓመታት የሚፈጀውን የሪሴትልመንት ፕሮሰስ እየጠበቅን፣ «እዚያ ስደርስ አገለግላለሁ» ማለት ይቀናናል። ራሽን ተሸክማ መሄድ የማትችል እናት፣ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ፣ ትናንት ማታ የገባ ማንንም የማያውቅ ሰው ግን ያለው እዚሁ ብሎካችን ውስጥ ነው።

በቤት ለቤት ጸሎት ስትሰበሰቡ ተነጋገሩ፦ በመንገድህ፣ በመንገድሽ ላይ ገመዱን የያዘው ማን ነበር? ምስጋና ደርሶታል ወይ? በዚህ ሳምንትስ እኛ ገመድ የምንይዘው ለማን ነው?

የጸሎት ርእስ፦ ስለ እምነታቸው በእስር ላሉ፣ እዚያው ለቀሩ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ሌሊት በመንገድ ላይ ላሉ።