«ፋይሉ አልተገኘም» ያለው ማን ነው?

ዜና ስንጽፍ ከሁሉ በፊት የምንጠየቀው «ማን አለ?» ተብለን ነው። ልደታ ያለውን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ውሰዱ። ግቢው ውስጥ ያለው ችሎት አንድ ብቻ አይደለም። «ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጠ» ብሎ የሚያልፍ ዜና ጉዳዩን መከታተል ለሚፈልግ ሰው ምንም አይጠቅምም፤ ሰውየው ከበር በር ሲዞር ይውላል። በኮማንድ ላይን፣ ማለትም ማውዝ ሳንነካ ትእዛዝ በመጻፍ በምናሠራቸው ፕሮግራሞች ላይም ያው ጥያቄ ይነሳል።

በዩኒክስና በሊነክስ ትንንሽ ፕሮግራሞች እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ፤ አንዱ ያወጣውን ሌላው ይቀበላል። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ጽሑፎችን ወደ ዩኒኮድ እንለውጥ እንበል (ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው)። አንዱ ፕሮግራም ያነባል፣ አንዱ ይለውጣል፣ ሌላው ያስተካክላል። የስህተት መልእክታቸው ግን በሰንሰለቱ ውስጥ አያልፍም፤ ስታንዳርድ ኤረር በሚባል በሌላ መውጫ ወጥቶ ስክሪኑ ላይ ይደባለቃል። ታዲያ «ፋይሉ አልተገኘም» ብቻ ቢል፣ ያለው የትኛው ነው? የቱንስ ፋይል ነው? ሥራው ሌሊት ብቻውን የሚሄድ ከሆነማ ጠዋት የምናገኘው ይህችኑ አረፍተ ነገር ነው። የትኞቹ ጽሑፎች እንደተለወጡ፣ የትኞቹ እንደቀሩ አይታወቅም።

የጂኤንዩ የፕሮግራም አጻጻፍ ደንብ መፍትሔው ቀላል ነው ይላል፦ መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ችግሩ። «ግሬፕ፦ ዜና፦ እንዲህ ያለ ፋይል የለም» እንደማለት ነው። ስህተቱ የሚነበበው ፋይል ውስጥ ከሆነ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር መሀል ይገባሉ። ከተጠቃሚው ጋር እየተጠያየቀ የሚሠራ ፕሮግራም ግን በየመልእክቱ ስሙን ባይደግም ይሻላል፤ ማን እንደሚያናግረን እዚያው እናያለንና። በቃለ ምልልስ መሀል በየአረፍተ ነገሩ «አቶ እገሌ እንዳሉት» እንደማንለው ነው።

የሚያከራክረው የትኛውን ስም ይጥራ የሚለው ነው። የቨርዥን መልእክት ላይ ደንቡ ቋሚውን፣ መደበኛውን ስም ይጠይቃል። በስህተት ጊዜ ግን እኔ ተጠቃሚው የጻፈውን ስም እመርጣለሁ፤ ትእዛዙን የሚፈልገው በዚያ ስም ነዋ! ቢዚቦክስን ተመልከቱ። አንድ ፋይል ሆኖ በብዙ ስሞች ይጠራል፤ ሲሳሳትም የሚያወጣው የተጠራበትን ስም ነው። ሁልጊዜ «ቢዚቦክስ» ቢል ኖሮ ያው «ፍርድ ቤቱ» እንደማለት ይሆን ነበር። ሙሉ የፎልደር አድራሻውን ከፊት የሚደረድሩት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቻሉ። ስሙ ይበቃል።